ሀዋሳ ላይ ልጄ የወሰደችው የጥላ ትያትር ስልጠና፣ ያየሁትን ልንገራችሁ

ኢንቦክስ እየመጣችሁ ስለዚህ ስልጠና የጠየቃችሁኝ እናቶች ብዙ ስለሆናችሁ ለእያንዳንዳችሁ ከምመልስ አንዴ በደንብ ልጻፈው። ትልቋ ልጄ 10 ዓመቷ ነው፣ መጋቢትና ሚያዝያ ውስጥ አራት ቅዳሜ ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ 6 ሰዓት የጥላ ትያትር ስልጠና ወስዳለች። ማለት ከካርቶን ቅርጽ ቆርጠው፣ ከኋላ መብራት አብርተው፣ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥላውን እያንቀሳቀሱ ታሪክ የሚያወሩበት ነው፣ የዚህኛው ልዩነት ታሪኩ የግድ የሳይንስ መሆን አለበት። የሚያሠለጥኑት ሁለት ወጣቶች ናቸው፣ እሷ ሥዕል የተማረች እሱ ፊዚክስ፣ ታቦር ተራራ ስር አንድ ግቢ ውስጥ አዳራሽ ተከራይተው ነው የሚሠሩት። ስማቸውን የማልጽፈው የማማርርበትም ነገር ስላለኝ ነው፣ ገና ጀማሪዎች ናቸው፣ በአንድ ሰው ጽሑፍ እንዲጎዱ አልፈልግም። እኔም አንደኛ ደረጃ አስተማሪ ስለሆንኩ አራቱንም ቀን ከኋላ ቁጭ ብዬ አይቻለሁ፣ ልጄ የነገረችኝን ብቻ አይደለም የማወራው።

የመጀመሪያው ቀን ቅር ብሎኝ ነበር እውነቱን ለመናገር። 3 ሰዓት ተብለን የተጀመረው 4 ሰዓት ሊሆን ሩብ ጉዳይ ሲል ነው፣ መጋረጃው ስስ ስለሆነ የጠዋቱ ፀሐይ አዳራሹን ሞልቶታል፣ ያዘጋጁት መብራት ደግሞ ያ ረጅሙ የፍሎረሰንት መብራት ነው። ልጆቹ ለሙከራ አባ ኮዳ የሚባለውን ትልቅ ወፍ ቆርጠው ነበር፣ ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ፣ አሞራ ገደል፣ ሲሄዱ ዓሣ አጥማጆቹ ስር ቆሞ ስለሚያዩት ሁሉም ቅርጹን በቃሉ ያውቀዋል፣ ያ ረጅም መንቆር ያ ራሰ በራ አናት። ግን ጨርቁ ላይ የወጣው ጥላ ጭጋግ ነው፣ መንቆር የለ እግር የለ። የኔዋ ጎን የተቀመጠ ልጅ "ቲቸር የኔ ለምን ደበዘዘ?" አለ ሊያለቅስ ምንም አልቀረው።

እዚህ ጋ ነው ሰውየው፣ የፊዚክሱ አሠልጣኝ፣ ያስገረመኝ። መብራቱ ልክ አይደለም ብሎ መቀየር ይችል ነበር፣ አላደረገም። ሁላችሁም እርሳስ አውጡ አለ፣ ከዛ እርሳሱን እንደ መብራቱ አግድም ያዙት አለ፣ ጥላው ጥርት አለ። አሁን አዙራችሁ መስቀለኛ አድርጉት አለ፣ ጥላው ጠፋ! አንድ እርሳስ አንድ መብራት፣ ስታዞረው ይጠፋል። ሃያ ሁለቱም ልጆች እርሳሳቸውን ወዲያ ወዲህ ሲያዞሩ አዳራሹ ጫጫታ ብቻ ሆነ። ከዛ ነው የገለጸላቸው፣ መብራቱ ረጅም ስለሆነ እያንዳንዱ ቦታው የራሱን ጥላ ይጥላል፣ መቶ ጥላ እላይ በላይ ሲደራረብ ጭጋግ ይሆናል፣ ብርሃን ግን ሁሌም በቀጥታ መስመር ነው የሚሄደው። ወዲያው መብራቱን አጠፋና የሞባይሉን ፍላሽ አበራ፣ የአባ ኮዳው መንቆር ጨርቁ ላይ እንደ ምላጭ ቁጭ አለ። ሁለት ሞባይል ሲያበሩ ሁለት አባ ኮዳ። እኔ ብርሃን በቀጥታ መስመር ይጓዛል የሚለውን ሰሌዳ ላይ ጽፌ ስንት ዓመት አስቀድቻለሁ፣ እንደዛ ቀን ልጅ ገብቶት አይቼ አላውቅም።

ሁለተኛው ቅዳሜ ልኬት ነበር። መብራቱን ከጨርቁ 2 ሜትር አራቁት፣ 10 ሳንቲ ሜትር የሆነች ቢምቢ ከመብራቱ 1 ሜትር ላይ ሲይዟት ጥላዋ 20 ሆነ፣ 50 ሳንቲ ሜትር ላይ ሲያስጠጓት 40። ልጆቹ በማስመሪያ እየለኩ ሰንጠረዥ ሞሉ፣ ማካፈል የማትወደው ልጄ ሳይነገራት 2 ሜትርን ለ25 ሳንቲ ሜትር አካፍላ 8 እጥፍ ነው፣ 80 ይሆናል ብላ ቀድማ ገመተች፣ ለክተው ሲያዩት 79 ወጣ፣ ቤት እስክንደርስ ስለዛ ነው ያወራችው። ደግሞ ወደ መብራቱ ሲቀርብ ጥላው ቢያድግም ጠርዙ እየለሰለሰ ይሄዳል፣ ስለዚህ ጥርት ያለ የሚፈልጉትን ወደ ጨርቁ አስጠግተው የሚያስፈራ ግዙፍ የሚፈልጉትን ወደ መብራቱ ማድረግ ለመዱ።

ስለ ዕቃው ልበል። ስክሪኑ አቡጀዴ ነው፣ በእንጨት ፍሬም ላይ ወጥረው በስቴፕለር የመቱት፣ የማኒላ ወረቀት፣ የሻሽሊክ እንጨት፣ ለመገጣጠሚያ ክርና ቁልፍ። ለቀለም የደብተር መሸፈኛ ላስቲክ፣ ሰማያዊው ሐይቅ ይሆናል ቢጫው ብርሃን። በጣም የወደድኩት ግን እሷ፣ የሥዕሏ ልጅ፣ አንድ ቁራጭ ብራና ይዛ መጥታ ነበር። ቱርኮቹ የጥላ አሻንጉሊት ከግመል ቆዳ እንደሚሠሩ፣ ኢንዶኔዥያዎቹ ከጎሽ ቆዳ እንደሚሠሩ ነግራቸው የኛ አባቶች ደግሞ የፍየል ቆዳ ወጥረው ፍቀው መጽሐፍ እንደሚጽፉበት አስታወሰቻቸው፣ ከዛ ብራናውን በመብራት ፊት ያዘችው፣ የማር ቀለም ሆኖ በራ። እንዴት ያምራል መሰላችሁ። ከሱ ክብ ተቆርጦ የሁሉም ቡድን ፀሐይ ሆነ፣ ብራና ውድ ስለሆነ አንድ ብቻ ነበረቻቸው፣ እየተቀባበሉ ነው የተጠቀሙባት። ከላስቲኮቹ ሌላ በጥላ ትያትሩ ውስጥ ጥቁር ያልሆነች እሷ ብቻ ነበረች ማለት ይቻላል።

አሁን ወደ ልጄ ቡድን ልምጣ፣ ይሄን ረዘም አድርጌ ካልጻፍኩት የስልጠናው ጥሩነት አይገባችሁም። ርዕሳቸው "ጥላ የጠፋበት ቀን" ነው። ሀዋሳ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 7 ዲግሪ አካባቢ ስለሆነች ፀሐይ በዓመት ሁለቴ ልክ አናታችን ላይ ትመጣለች፣ አንዴ መጋቢት 30 ገደማ አንዴ ነሐሴ 29 ገደማ። በነዚህ ቀናት 6 ሰዓት ተኩል አካባቢ ቀጥ ብሎ የቆመ እንጨት ጥላ የለውም። እዚህ ከተማ ተወልጄ አድጌ 36 ዓመቴ ነው፣ አላውቅም ነበር። አዲስ አበባ ደግሞ 9 ዲግሪ ላይ ስለሆነች የሷ ቀን ሚያዝያ 5 ገደማ ነው።

ሰውየው የኤራቶስቴንስን ታሪክ ነገራቸው፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ240 ገደማ እስክንድርያ ይኖር የነበረው ሰው፣ ዛሬ አስዋን በምትባለው ከተማ በዓመቱ ረጅሙ ቀን እኩለ ቀን ላይ ፀሐይ የጉድጓድ ውሃ ውስጥ ወለል ብላ እንደምትታይ ሰምቶ፣ በዛው ሰዓት እስክንድርያ ላይ ግን ጥላ እንዳለ ለክቶ፣ ማዕዘኑ የክብ 50ኛ እጅ ሆኖ ስላገኘው የሁለቱን ከተማ ርቀት በ50 አባዝቶ የምድርን ዙሪያ አገኘ። ከዛ ዞር ብሎ "እኛስ በሀዋሳና በአዲስ አበባ ለምን አንሞክርም?" አለ። ሁለቱ ከተሞች ከሞላ ጎደል በአንድ የሰሜንና ደቡብ መስመር ላይ ስለሆኑ ይሠራል።

መጋቢት 30 ምሳ ሰዓት ልጄና ሁለት ጓደኞቿ የኔ ትምህርት ቤት ግቢ ውስጥ 1 ሜትር የመጥረጊያ እንጨት አቆሙ፣ ቀጥ ማለቱን በክር የታሰረ የቤት ቁልፍ አንጠልጥለው ነው ያረጋገጡት። እህቴ አዲስ አበባ ሳሪስ ነው ያለችው፣ እሷ ደግሞ የመወልወያ እንጨት ይዛ ግቢዋ ወጣች፣ ስልኩ ክፍት ነው። ደመና ነበር፣ 6 ሰዓት ከሩብ ላይ ልባችን ተሰቅሎ ነበር፣ ከዛ ተገለጠ። የኛ እንጨት ጥላ እያጠረ እያጠረ እግሩ ስር ገባ። ጥበቃው ጋሼ ሳይቀሩ መጥተው "ኧረ የኔም የለም!" እያሉ በዙሪያቸው ሲዞሩ ልጆቹ ጮሁ። "አክስቴ ያንቺስ?" "አራት ሳንቲ ሜትር፣ ግን ጫፉ ብዥ ይላል።" ብዥ ማለቱ የእህቴ ጥፋት አይደለም፣ ፀሐይ ነጥብ ሳትሆን ክብ ስለሆነች ነው፣ ያ የመጀመሪያ ቀን የፍሎረሰንት ነገር ማለት ነው፣ ልጄ ናት ያስታወሰችኝ።

ስሌቱ እንዲህ ነው። እንጨቱ 100 ሳንቲ ሜትር ነው፣ እሱን ከክብ መሀል እስከ ጠርዝ አድርገን የምንሠራው ክብ ዙሪያው 628 ነው፣ 628 ለአዲስ አበባው ጥላ ለ4 ሲካፈል 157። የሁለቱ ከተማ ርቀት በ157 ይባዛ። መጀመሪያ ባሱ የሚሄድበትን 275 ኪሎ ሜትር ነበር የወሰዱት፣ 43,175 መጣ። ሰውየው "ባሱ በቀጥታ ነው እንዴ የሚሄደው?" ብሎ ካርታ ሰጣቸው፣ በማስመሪያ ሲለኩት ቀጥታው 220 ገደማ ነው፣ ያኔ 34,540 ሆነ። ትክክለኛው 40,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ልጄ አኩርፋ ነበር ተሳሳትን ብላ። ጥላው 3 ሳንቲ ሜትር ከግማሽ ቢሆን ኖሮ ስንት ይመጣ ነበር ሲላት አካፍላ አባዝታ 39,474 አገኘች፣ ግማሽ ሳንቲ ሜትር መሳት አምስት ሺህ ኪሎ ሜትር እንደሚያመጣ ገባት። ይሄን ነገር 8ኛ ክፍል ላይ እንኳን በዚህ መልክ ያየ ልጅ አላጋጠመኝም።

ከዛ ይሄን ወደ ጥላ ትያትር መለወጥ ሌላ ፈተና ነበር። ምድርን የግማሽ ክብ ካርቶን አድርገው ሁለት እንጨት ተከሉባት፣ መብራቱን ፀሐይ አድርገው ሲሞክሩ ግን አልሠራም፣ መብራቱ ቅርብ ስለሆነ ጨረሩ እንደ ጃንጥላ ሽቦ ይበተናል፣ ፀሐይ ግን 150 ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ገደማ ስለምትርቅ እኛ ጋ ሲደርስ ጨረሩ ጎን ለጎን ነው። ስለዚህ ጨረሩን ራሱን አሻንጉሊት አደረጉት! የሹራብ ክር በሁለት እንጨት መሀል ጎን ለጎን ወጥረው ከላይ ወደ ታች አወረዱት፣ ጨርቁ ላይ ስድስት ቀጭን ጥቁር መስመር እኩል እኩል ሲወርድ አንዱ የሀዋሳን እንጨት አናት ነክቶ ልክ እግሩ ላይ ያርፋል፣ ሌላው የአዲስ አበባን እንጨት ጫፍ ገጭቶ አልፎ ይወርዳል። ምንም ቃል አያስፈልገውም። ባለቤቴ ከሳይንስ ጋር ብዙም የማይገናኝ ሰው ነው፣ ያን አይቶ "አሃ፣ ምድር ጠፍጣፋ ብትሆን ሁለቱም ጥላ አይኖራቸውም ነበር" አለኝ በጆሮዬ።

የስልጠናው ድክመትም እዚሁ ጋ ይመጣል። የሌሎቹ ቡድኖች ላይ ይሄን ያህል አልተሠራም። የቢምቢዎቹ ቡድን ከመማሪያ መጽሐፍ ላይ አንድ ገጽ ገልብጠው በስልክ ቀድተውት ነበር፣ ድምፁ የቢምቢን የእድገት ደረጃዎች እንቁላል እጭ ሙሽሬ እያለ ያነባል፣ አሻንጉሊቶቹ ዝም ብለው ይወዛወዛሉ። ደግሞ ሁሉንም ቢምቢ አንድ ዓይነት ቆርጠው ቢምቢ ሁሉ ወባ ታስተላልፋለች ብለዋል፣ ይሄ ስህተት ነው፣ የምታስተላልፈው አኖፌሊስ የምትባለው ናት፣ ያውም ሴቷ ብቻ። የሚያናድደው ጥላ ትያትር ለዚህ የተፈጠረ መሆኑ ነው። አኖፌሊስ ግድግዳ ላይ ስታርፍ ቂጧን ወደ ላይ ሰቅላ ነው፣ ሌላዋ ኩሌክስ የምትባለው ከግድግዳው ጋር እኩል ሆና ታርፋለች። እጮቻቸውም እንደዛው፣ የአኖፌሊስ እጭ ውሃው ላይ እንደተኛ ሰው ተጋድሞ ነው፣ የኩሌክስ ግን ዘቅዝቆ ይንጠለጠላል። ቅርጹ ብቻ ልዩነቱን ይናገራል! ሀዋሳ ውስጥ ለሚያድግ ልጅ ደግሞ ይሄ ጌጥ አይደለም፣ ክረምት ሲወጣ ስንቱ ቤት ወባ እንደሚገባ ሁላችንም እናውቃለን። ሦስተኛው ቅዳሜ ላይ ለአሠልጣኟ ልጅ ነገርኳት፣ ሳትቆጣ ተቀብላኝ ቂጧን የሰቀለች ቢምቢ አብረው ቆረጡ፣ የተቀዳውን ድምፅ ግን አልቀየሩትም።

የግርዶሽ ቡድን ነበር ሌላው፣ ሰኔ 14 ቀን 2012 ላሊበላ ላይ የታየውን ቀለበት ያሳዩ፣ ያቺን የብራና ፀሐይ ጥቁር ክብ ቀስ ብሎ ሲሸፍናት ዙሪያዋ ብቻ የማር ቀለበት ሆኖ ሲቀር አዳራሹ ጸጥ አለ። ጨረቃ ከፀሐይ 400 ጊዜ ያህል እያነሰች እንዴት ትሸፍናታለች የሚለውን ግን ዘለሉት፣ ፀሐይም 400 ጊዜ ያህል ስለምትርቅ ነው የሚለውን አንድ ልጅ ወደ መብራቱ እየቀረበና እየራቀ ማሳየት ይችል ነበር፣ ሁለተኛው ቅዳሜ ላይ የለኩት እኮ ነው።

የመጨረሻው ቅዳሜ ለወላጅ ታየ፣ ሃምሳ ሰው እንሆናለን። የቢምቢዎቹ ተራ ላይ መብራት ጠፋ። የሾው መብራቱ ቻርጅ የሚደረግ ባትሪ ስለሆነ አልጠፋም፣ ስፒከሩ ግን ሞተ፣ የተቀዳው ድምፅ አብሮ ሄደ። ትንሽ ዝም ዝም ሆነ። ከዛ ከጨርቁ ኋላ አንዲት የስምንት ዓመት ልጅ በራሷ አፍ "ይቺ ቂጧን የሰቀለችው ናት መጥፎዋ፣ እዩዋት፣ ያቺኛዋ ታሳክካለች እንጂ ወባ የላትም" አለች። ሰው አጨበጨበ። ከዛ በኋላ ሁሉም በራሱ ቃል አወራ፣ መጽሐፉ ከሚለው አምስት እጥፍ ያጠረ፣ ሁሉም የገባው። እኔ እንባዬ መጣ ብላችሁ አትፍረዱብኝ።

ለአሠልጣኞቹ ፊት ለፊት ያልኳቸው ነው፣ ድምፅ መቅዳት ይቅር። ልጁ በራሱ አፍ የማይለውን ነገር ካላወቀው ጥላው አያድነውም።

ሌላ ቅሬታ፣ ዋጋው 1,500 ብር ነው ተብለን ከገባን በኋላ የዕቃ ተብሎ 350 ብር ተጠየቅን፣ ብሩ አይደለም፣ ቀድሞ መነገር ነበረበት። ሃያ ሁለት ልጅ ለሁለት አሠልጣኝ በዛ፣ በተለይ ምላጭ ሲይዙ። አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ጣቱን ቆረጠው፣ ትንሽ ነው ግን የቁስል ፕላስተር የሚባል ነገር ግቢው ውስጥ አልነበረም፣ ከኔ ቦርሳ ነው የወጣው። የመጨረሻውን ቀን አንድ ሰዓት ሙሉ ለሰርተፊኬትና ለፎቶ ማዋላቸውም አልተመቸኝም፣ በሱ ፋንታ ወላጆች ከጨርቁ ኋላ ገብተን ብናይ ይሻል ነበር፣ ዋናው ነገር ያለው እዛ ነው።

ገንዘቡ ለከበዳችሁ ደግሞ ቤት ውስጥ ይሠራል፣ እኔ ክፍሌ ውስጥ ለ64 ልጆች ሞክሬዋለሁ። አቡጀዴ ከሌለ ነጭ አንሶላ፣ በደንብ ይወጠር እንጂ። ጋቢ አይሆንም፣ ይወፍራል። ለትንሽ ስክሪን የኬክ መጋገሪያ ወረቀት ካርቶን ላይ ለጥፉ፣ ከአንሶላው እንዲያውም ይበልጣል። መብራት የስልክ ፍላሽ፣ አንድ ብቻ። የእጅ ባትሪ ከሆነ የሚያብረቀርቀው ኩባያው ጨርቁ ላይ ቀለበት ቀለበት ስለሚሠራ የሚፈታ ከሆነ ፍቱትና ባዶ አምፖሉን ተጠቀሙ። አሻንጉሊቱን የያዘው ልጅ ከጨርቁ ስር ይቀመጥ፣ ቁጭ ካላለ የራሱ ጭንቅላት ጥላ ይገባል፣ የኔ ክፍል ልጆች የመጀመሪያ ቀን ፀሐይና ምድር መሀል የጓደኛቸው ፀጉር ነበር። ክፍሉን አጨልሙ፣ መስኮት ላይ ብርድ ልብስም ቢሆን ስቀሉ።

ለሁለተኛው ዙር ትልቋን አስመዝግቤያታለሁ፣ መጋረጃውን ወፍራም እናደርጋለን፣ ልጆቹንም ወደ አሥራ አራት እንቀንሳለን ብለውኛል፣ ከገባሁ በኋላ አይቼ እነግራችኋለሁ። ትንሹ ሰባት ዓመቱ ነው፣ እሱን አላስገባም፣ ከዘጠኝ ዓመት በታች ልጅ ያላችሁ ብትቆዩ ይሻላል። የመጥረጊያ እንጨቷ በር ኋላ ተቀምጣለች፣ ልጄ "ነሐሴ 29" ብላ በእስክሪብቶ ጽፋባታለች፣ ክረምቱ ካልከለከለን ማለት ነው፣ ሀዋሳ ያላችሁም በዛን ቀን 6 ሰዓት ተኩል ላይ ልጆቻችሁን ይዛችሁ ደጅ ውጡ።